ስለ ተሰበረ ጥርስና ስለ መጠገኛው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዓመቱ ውስጥ የሸኘናቸውን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፤ የቀረነውንም ይጠብቀን።

ዳኛችን «ለአባላት የሚጠቅም አንድ ነገር ተናገር» ብለው ሲያዙኝ «እኔ ምን አውቄ?» ነበር መልሴ። ትምህርቴ እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ቢኖር እሱ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስላልነቀልኩት ጥርስ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በራሴ የደረሰውንና ሐኪሞቹ ያስረዱኝን ብቻ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአንድ ቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደ ተቀመጥን ንፍሮ ቀረበ። የማን ቤት እንደ ነበር አልናገርም፤ እህሉን የለቀሙት እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና። ስንዴና ሽምብራ ነበር። አፈስ አድርጌ አንድ ጊዜ ብቆረጥም «ቀጭ» አለ። ጠጠር ነው። ጠጠሩንም የጥርሴንም ስባሪ አንድ ላይ በመዳፌ ተቀበልኩ። በስተግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋዬ ነው። ድሮ ተቦርቡሮ የተሞላ ነበርና ግማሹ ግድግዳ ከነሙሊቱ ወረደ። ታዲያ ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ሞቶ «ጥርሴን!» ተብሎ አይጮህም። ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ዝም አልኩ።

ዝም ማለቴን ግን እቤትም ቀጠልኩበት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ያዝኩበት፤ አረቄ ተጉመጠመጥኩ፤ ቅርንፉድ ነከስኩ፤ አስፕሪንም ፈጭቼ ድዴ ላይ አስቀመጥኩ። ቅርንፉዱ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሐኪሞችም ከእሱ የሚወጣውን ዘይት ይጠቀሙበታል። አስፕሪኑ ግን ድዴን እንደ እሳት ላጠው። አስፕሪን ተውጦ እንጂ ድድ ላይ ተቀምጦ መድኃኒት አይሆንም፤ ሥጋ ያቃጥላል። ይህን እባካችሁ ለሌላውም ንገሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕመሙ በድንገት ጠፋ። «ተመስገን፣ ዳነ» አልኩ። በቀኝ በኩል ማላመጥ ለመድኩና ነገሩን ረሳሁት። ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ይህ ነው፦ የተሰበረ ጥርስ ሕመሙ በራሱ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞተ ማለት ነው እንጂ ዳነ ማለት አይደለም። የሞተ ነገር ደግሞ ይበሰብሳል። እኛ የዕድር ሰዎች ይህን ለማወቅ የሚሳነን አልነበረም።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ጉንጬ አብጦ ነቃሁ። በመስተዋት ሳየው ፊቴ የሌላ ሰው መስሏል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። በ1987 ዓ.ም. የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በገጠር ዐረፈ። አርሶ የሚበላ፣ ጉልበተኛ ሰው ነበር። የመንጋጋው ሥር አብጦ፣ ምላሱ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ምራቁን መዋጥ እንኳ አቅቶት፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች። ያን ጊዜም የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ለባለቤቴ የሚሰጠውን የሐዘን ገንዘብ ወጪ ሳደርግ፣ በመዝገቡ ላይ በራሴ እጅ «የባለቤት ወንድም፤ ድንገተኛ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ድንገተኛ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ጥርሱን ታሞ ነበር። «ጥርስ ነው፤ ምን ይሆናል?» እየተባለ ነው የሞተው።

ያን ሌሊት ባለቤቴ መብራት አብርታ ፊቴን ስታየው አልጮኸችም። እጇን አገጬ ሥር አድርጋ ዳበሰችኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። «ከኅዳር» አልኩ። «አንተ ሰው፣ ወንድሜን የቀበርኩት ይበቃኛል» አለችና ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮዋን ጎትታ አወጣች።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየቤታችሁ አለና። ልጆች እንዳይቸገሩ ብለን ለሞታችን ቀን ያስቀመጥነው ነው። የከፈኑ፣ የሣጥኑ፣ ዕድር የማይሸፍነው የተዝካሩ ወጪ። እኔም «ይህማ አይነካም፤ በኔ ዕድሜ አንድ ጥርስ ምን ይሠራል? ይነቀላ!» ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን «ነገ ከመሸ ተዝካርህን ላወጣበት ነው?» ብላ ቆርቆሮውን አስታቀፈችኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙን አልጠራም። አፌን ከፍቶ አየና «ይነቀላል፤ ክፈልና ግባ» አለኝ። ሥዕል የለ፣ ጥያቄ የለ። ወረፋ እየጠበቅሁ ሳለሁ «ይህን ያህል ዓመት ፋይል ሳላይ ውሳኔ የጻፈ ኃላፊ አልወደድኩም፤ ጥርሴን ለምን?» ብዬ አሰብኩና ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ ልጄ የምትሆን ወጣት የጥርስ ሐኪም አገኘሁ። «አባባ፣ ይቀመጡ» አለችኝና ከጥርሱ በፊት ስለ እኔ ጠየቀችኝ። የደም ግፊት አለብኝ? ስኳርስ? ልብ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ? ግፊቴን ለካች። አፌን ምን ያህል እንደምከፍት፣ ምራቄን እንደምውጥ፣ አገጬ ሥር የደደረ ነገር እንዳለ አየች። «መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢያቅትዎ ኖሮ እዚህ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምልክዎ» አለችኝ። አማቼ ትዝ አለኝ።

ከዚያም ራጅ አነሣችኝና ሥዕሉን እያሳየች አስረዳችኝ። ያስረዳችኝን እንደ ገባኝ ላቅርበው።

ጥርስ ሦስት ንብርብር አለው። ላዩ ኢናሜል ይባላል፤ ከሰው አካል ሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከወረደ ተመልሶ አያድግም። አጥንት ሲሰበር ይገጥማል፤ የጥርስ ሽፋን ግን አይገጥምም። ከእሱ ሥር ዴንቲን የሚባለው አለ፤ ብርድና ሙቀት የሚያስተላልፍ ነው። መካከል ላይ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ በየሥሩ ቀጭን ቦይ ይዞ እስከ መንጋጋ አጥንት ይወርዳል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ወይም አራት ቦይ አለው።

ስለዚህ ስብራት ሁሉ አንድ አይደለም። ላዩ ብቻ ከተሸረፈ ማለስለስ ወይም በሙሊት መሙላት ይበቃል። ዴንቲኑ ከተገለጠ ቶሎ መሸፈን አለበት። ነርቩ ተገልጦ ከቆሰለ ወይም ከሞተ ግን የሥር ሕክምና፣ ሩት ካናል የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ስንጥቁ ሥሩን ለሁለት ከፍሎ ከወረደ ደግሞ የሚያድነው የለም፤ ይነቀላል።

«የኔስ?» አልኳት። «ነርቩ ሞቷል፤ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይዟል። ሥሩ ግን አልተሰነጠቀም። ከድድ በላይ ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ካገኘሁ ሽፋን የሚይዝበት አለው። በአንድ በኩል ያንሳል፤ እዚያ ድዱን በጥቂቱ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ነው» አለችኝ። ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት እንግዲህ ከሳንቲም ውፍረት ብዙ አይርቅም። የጥርሴ ዕድሜ በሳንቲም ውፍረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ዋጋውን ስትነግረኝ ከሁለት ወር ጡረታዬ በለጠ። መንቀሉ ከዚያ እጅግ ያንሳል። «መድኃኒት ብቻ ብትሰጪኝ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሷም «መድኃኒቱ እብጠቱን ያጎድላል፤ መግሉ የሚመነጭበትን ግን አያነሣም። ሲያልቅ ይመለስብዎታል» አለችኝ። «ብነቅለውስ?» አልኳት። «መብትዎ ነው። ግን ባዶ ሲቀር ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ከላይ ያለውም ያለ ባልንጀራ ቀርቶ ወደ ታች ይወርዳል። ለሚተካው ደግሞ በኋላ መክፈልዎ አይቀርም» አለችኝ። ጥርስም እንደ ዕድር ነው ማለት ነው፤ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ይናጋሉ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ።

ሕክምናው አራት ቀጠሮ ፈጀ።

በመጀመሪያው ቀን አደንዝዛ ጥርሱን ከላይ ከፈተችውና መግሉ ወጣ። የቆሰለ ቦታ ላይ ማደንዘዣ እንደ ልብ አይሠራምና ትንሽ አሞኛል፤ አልዋሽም። መግሉ ሲወጣ ግን ያ ውጥረት ወዲያው ቀለለኝ። በጥርሱ ዙሪያ ቀጭን ላስቲክ ዘርግታ ነበር የምትሠራው፤ ምራቅ እንዳይገባበት፣ እኔም መሣሪያ እንዳልውጥ ነው። ውስጡ መድኃኒት አድርጋ በጊዜያዊ ሙሊት ዘጋችው።

በሳምንቱ እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች ቦዮቹን አንድ በአንድ ጠረገች። የምታጥብበትም ፈሳሽ የበረኪና ዘመድ ነው፤ ተለክቶ የተቀጠነ። እቤት ያለውን በረኪና ግን ማንም አፉ እንዳያስገባ፤ በሐኪም እጅና በላስቲኩ ጥበቃ ብቻ የሚሠራ ነው። ቦዮቹ ሲጸዱ ጉታ ፐርቻ በሚሉት፣ ከዛፍ ፈሳሽ በሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር እስከ ጫፋቸው ሞላቻቸው። በራጅ አይታ አረጋገጠች።

«ታዲያ አለቀ፤ ሽፋኑ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ስጠይቃት፣ ውስጡ የተቦረቦረ መንጋጋ የማላመጥን ጫና ስለማይችል ለሁለት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ነገረችኝ። ይህን በራሴ ሙያ ተረዳሁት። ብል የበላው መዝገብ ቢመጣላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ብሉንና የተበላውን ወረቀት ታወጣላችሁ። ቀጥሎ ጀርባውን በሙጫና በክር ታጠናክራላችሁ። በመጨረሻ ወፍራም ልባስ ታለብሱታላችሁ። ብሉን ሳታወጡ ብትጠርዙት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ልባስ ሳታለብሱት ብትተዉት ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይበተናል። የጥርስም ሥራ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀጠሮ በሰፊው ቦይ ውስጥ ቀጭን ምሰሶ ተከለችና የወረደውን ግድግዳ በሙሊት ገነባችው። ምሰሶው ጥርሱን አያጠነክረውም፤ ሙሊቱን ለመያዝ ብቻ ነው። የጎደለውን ድድ አስተካክላ፣ ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዳ፣ ልኩን በሚረጋ ሊጥ ወሰደችና ጊዜያዊ ሽፋን አደረገችልኝ። ሽፋኑ ክራውን ይባላል። ከብረት ብቻ የሚሠራ አለ፤ ብረት ሆኖ ላዩ በፖርሴሊን የተለበጠ አለ፤ ዚርኮንያ የሚባል ነጭና ጠንካራም አለ። በኛ ጊዜ የወርቅ ጥርስ ጌጥ ነበር፤ ባለቤቴ «ወርቅ አስደርግና ልጆቹን አስደንግጥ» ብላ ቀለደችብኝ። እኔ ከብረትና ከፖርሴሊን የሚሠራውን፣ ኪሴ የቻለውን መረጥኩ።

በአራተኛው ቀጠሮ ሽፋኑ በሲሚንቶ ተጣበቀ። የጥርስ ሲሚንቶ ማለቴ ነው። ከዚያ አንድ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ጥርሴ መካከል አድርጋ «ይንከሱ» አለችኝ። ከፍ ያለው ቦታ ቀለም ይይዛል፤ እሱን ትሞርዳለች፤ እንደገና «ይንከሱ»። እኔም «ዶክተር፣ ይህማ የኛ ካርቦን ነው!» ብዬ ሳቅሁ። አርባ ዓመት ካርቦን ስደርብ የኖርኩ ሰው አፌ ውስጥ አገኘሁት።

እነሆ ጥርሱ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ግን መጀመሪያ በመዳፌ ላይ ዘርጋ አድርጌ አየዋለሁ።

ክቡራን አባላት፤ የሁሉም ሰው ጥርስ እንደኔ ይተርፋል ማለቴ አይደለም። የማይተርፍ ከሆነ መንቀል ውርደት አይደለም፤ መግል ይዞ ከመኖር መንቀል ይሻላል። ከተነቀለም በኋላ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ግራና ቀኙን ተደግፎ የሚሠራ ድልድይ፣ ወይም አጥንት ውስጥ የሚተከል አለ፤ እንደ አቅም ነው። ዋናው ነገር ከመነቀሉ በፊት «ራጅ ይነሣ፤ ሊተርፍ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄ ገንዘብ አያስከፍልም።

አሁን በአጭሩ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገውን ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ጥርስ ሲሰበር ስባሪውን አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የፊት ጥርስ ስባሪ አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ይጣበቃል። እኔ ስባሪዬን ሁለት ወር በመሐረብ አስቀምጬ ስወስደው ሐኪሟ ስቃ «ይህ እንኳ ለማስታወሻ ይሁንዎ» አለችኝ።

ሁለተኛ፤ ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወጣ፣ ሥሩን ሳትነኩ በነጩ በኩል ያዙት። አትፈግፍጉት፤ ቢቆሽሽ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። ከተቻለ ወዲያው ጉድጓዱ ውስጥ መልሱት፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከትታችሁ በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። የመትረፍ ዕድል አለው። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ከሥር ያለውን ይጎዳል።

ሦስተኛ፤ ጉንጭ ወይም አገጭ ሥር ማበጥ፣ ትኩሳት፣ አፍ አለመከፈት፣ ለመዋጥና ለመተንፈስ መቸገር ከታየ በማር፣ በቅጠል፣ በነገ ዛሬ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

አራተኛ፤ በስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ አባላት፣ ጥርሳችሁ የሚበልዘው የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው እንጂ ከንጽሕና ጉድለት አይደለም። ክፉኛ የተጎዳ ጥርስ በቀላሉ ይሸረፋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ታዩ። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ደግሞ ጥርስን ያጠነክራል፤ ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና መቦረሽ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አምስተኛ፤ እህል ለቃሚዎቻችን፣ እባካችሁ ሰፌዱን ብርሃን ላይ አድርጉት።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለጉባዔው አቀርባለሁ። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ያወጣል፤ ጥሩምባ ያስነፋል። ይህ ክብራችን ነው፤ አይነካብን። ነገር ግን አባላችን ጉንጩ አብጦ ገንዘብ አጥቶ እቤቱ ሲቀመጥ፣ እኛ የምንደርሰው ጥሩምባው ሲነፋ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ከወርኃዊው መዋጮ ላይ በጥቂቱ ተቀንሶ፣ ለሚታመም አባል ያለ ወለድ የሚበደርና በየወሩ የሚመለስ የሕክምና ብድር ሣጥን እንዲቋቋም እጠይቃለሁ። መዝገቡን ያለ አበል እይዛለሁ፤ እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም።

እኔ ለመሞቻዬ ያስቀመጥኩትን ለመኖሪያዬ አውዬዋለሁ። ቆርቆሮው እስካሁን አልሞላም፤ ብሞት ዕድሬ አይጥለኝም ብዬ እተማመናለሁ። ሁሉም ሰው ግን ቆርቆሮ የለውም፤ ቆርቆሮውን ጎትታ የምታወጣ ሚስትም የለችውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚደብቀው በሽታውን ሳይሆን ኪሱን ነው። እንዲህ ያለውን አባላችንን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንድረስለት።

ባለፈው ሰሞን የ1987ቱን መዝገብ አውጥቼ «ድንገተኛ ሕመም» ያልኩበትን ቦታ አየሁት። መዝገብ አይፋቅም፤ ይህ ደንብ ነው። በኅዳጉ ላይ ግን በዛሬው ቀን ፈርሜ «ጥርሱን ታሞ» ብዬ ጻፍኩበት። ከእንግዲህ ወዲያ በዚህ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ዳግመኛ እንዳልጽፍ እርዱኝ።